ከወርቁ ሥር ያለው ነጭ መስመር

ላስ ቬጋስ፣ ማርች 12 ቀን 2024

ይድረስ ለአቶ ወልደማርያም፣ አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ እንዴት ነው? ከማያውቁት ሰው ደብዳቤ ሲመጣ መጠርጠር ደንብ ነው፤ ስለዚህ ይጠርጥሩኝ፣ አልቀየምም። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። አድራሻዎን የሰጡኝ ሰው ጆሮዎ ስለደከመ ስልክ እንደማያነሱ፣ ደብዳቤ ግን እንደሚመልሱ ነግረውኛል።

አስካል እባላለሁ። የምኖረው ፓራዳይዝ የሚባለው ሰፈር ነው። ሥራዬ ካዚኖ ውስጥ፣ ካሜራ ክፍል ተቀምጬ የሰው እጅ ማየት ነው፤ ካርድ የሚያድለውን እጅ፣ ካርድ የሚቀበለውን እጅ። አሥራ አንድ ዓመት ስለሠራሁበት አመል ሆኖብኛል፤ ሰው ቤት ሄጄ ሻይ ሲቀዳልኝ እንኳ የማየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው። ከሥራ ውጭ የድሮ የጀርመን የሽልማት ባጆች እሰበስባለሁ። የስፖርት፣ የፋብሪካ፣ የምርጥ ሠራተኛ፣ አርባ ስድስት አሉኝ። ሌላው ሰብሳቢ ታሪካቸውን ነው የሚወድደው፤ እኔ ቅባቸውን ነው። ወርቅ ነው ወይስ ወርቅ የመሰለ ቀለም? ብር ነው ወይስ የተወለወለ ኒኬል? ኖርዝ ላስ ቬጋስ የቅዳሜ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ ተሸውጄ ነው የተማርኩት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ አንድ ሽማግሌ አሉ። ከእርስዎ ጋር ምሥራቅ ጀርመን፣ የብረታ ብረት ቅብ ፋብሪካ ከሠለጠኑት አሥራ አራት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ፋብሪካው ለሠልጣኞቹ የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ ባጅ ይሸልም እንደነበር ያውቃሉ። ሽማግሌው ለገና የወርቁን ባጅ ኮታቸው ላይ ሰክተው ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መጡ። አቶ ሊውል የሚባሉ፣ አብረዋችሁ የሠለጠኑ ሰው፣ በሕዝብ ፊት «ከእኛ መካከል ወርቅ ያገኘው ማቲያስ ብቻ ነው። ያንተ ነሐስ ነበር። ያንተን ወርቅ አስቀብተህ በእሱ ለወጥክበት፤ እሱ በሐሰተኛ ባጅ ሲታሰር አንተ እዚህ ወርቁን ሰክተህ ትዞራለህ» አሏቸው። ሽማግሌው ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አልወጡም። ለእኔ ብቻ «የኔን ነሐስ ወልደማርያም ነው ወርቅ የቀባልኝ፤ የሰው አልነካሁም» ብለውኛል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ያኔ የነሐሱን ባጅ ወርቅ ቢቀቡ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ነበር የሚሠሩት? አንድም ነገር እንዳይዘሉብኝ። ለምን እንደምጠይቅ አልነግርዎትም። እኛ ሥራ ቤት ካሜራው ያየውን ለምስክር ቀድመን አንናገርም።

አክባሪዎ፣ አስካል


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አስካል፣

ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር የከዳኝ የለም። መልሱ የዘገየው መነጽሬ ተሰብሮ ነው፤ ይቅርታዎን።

ባጁ፣ የየትኛውም ደረጃ ቢሆን፣ ከቀይ ናስ የተቀረጸ ነው። መጀመሪያ ቅባቱ እንዲለቅ በሙቅ ሶዳ ይታጠባል። ቀጥሎ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ይታሰራል። አሲድ ነክቶ ይወጣና በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ከዚያ ወርቁ የሟሟበት ገንዳ ውስጥ ይገባና ኤሌክትሪኩ ይለቀቅበታል፤ ሠላሳ እስኪቆጠር ይበቃዋል። ወጥቶ ይታጠብና ሰጋቱራ ውስጥ ይቀበራል፤ ሰጋቱራው ውሃውን ይመጥለታል፣ እድፍም አይተውበትም። ይኸው ነው፤ የዘለልኩት የለም።

ሽቦው የነካው ቦታ ወርቅ አይዝም። ሌሎቹ ሽቦውን አንዴ አዙረው ነበር የሚያስሩት፤ እኔ ሁለቴ ነበር የማዞረው። ስለዚህ የኔ እጅ ያለበት ዕቃ ጀርባው ላይ፣ ከመርፌው ሥር፣ ጎን ለጎን ሁለት ነጥብ ይኖረዋል። ይዩት።

ፎቶ በስልክ እልካለሁ እንዳይሉ። በስልክ ውስጥ ወርቁም ነሐሱም አንድ ነው። ባጁን ራሱን በሚመጣ ሰው ቢልኩልኝ ጥሩ ነበር፤ ከእጄ ቢገባ ልቤ ያርፋል።

ወልደማርያም


ላስ ቬጋስ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 2024

ለአቶ ወልደማርያም፣

ስለ መነጽርዎ አዝናለሁ፤ አሁን እንደተሠራ ተስፋ አደርጋለሁ። የኔ ዓይን ደህና ነው፤ ስምንት ሰዓት ስክሪን ላይ ቢያፈጥም ገና አልከዳኝም።

ሁለቱ ነጥቦች አሉ። ልክ ባሉት ቦታ ናቸው። ስለዚህ እጅዎ ይህን ባጅ እንደነካው አሁን ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አንብቤ ሦስት ነገር አልጣመኝም፣ ደግሞ እኔ ያልጣመኝን ነገር አፌ ላይ ማቆየት አልችልበትም።

እኔ «ቢቀቡ እንዴት ይቀቡ ነበር» ብዬ ጠየቅኩ፣ እርስዎም አሠራሩን ነገሩኝ። «አዎ፣ ለሰውዬው ቀብቼለታለሁ» የሚል ቃል ግን ከደብዳቤው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ይህ አንድ። ወርቅ ቀቢ ስለ ሩቅ ሰው ባጅ ለምን ልቡ አያርፍም? ይህ ሁለት። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ አሥራ አራት ሰዎች ነበራችሁ፤ ይህ ሽማግሌ ከአሥራ አራቱ የትኛው እንደሆነ አልጠየቁኝም። ስማቸውን አልጻፍኩልዎትም፣ እርስዎም አልጠየቁም። ቁማር ጠረጴዛ ላይ ካርዱን ገልጦ ሳያይ የሚጫወት ሰው ሳይ፣ ካርዱን አስቀድሞ ያውቀዋል ማለት ነው ብዬ ሱፐርቫይዘር እጠራለሁ።

ባጁን አልክም። እርስዎን ለማስቀየም አይደለም። አሁን የሽማግሌው ስም የሚድነውም የሚጠፋውም በዚህች የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ነገር ነው፤ ከእጄ ከወጣች አልመልሳትም ብዬ ነው።

አስካል


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካል፣

ልጄ ስልሽ አትቆጪ፤ ከዚህ በኋላ አንቱታው ይከብደኛል። ስሙን ያልጠየቅኩት ስለማውቀው ነው። አንቺ ደብዳቤው ላይ «አስካል» ብለሽ ብቻ ፈርመሻል፤ ፖስታ ቤታችሁ ግን ላኪ ብሎ ሙሉ ስምሽን ፖስታው ላይ አትሞታል። ዓምደሚካኤል የሚባል ስም እንደ ጥይት ነው የመታኝ። አባትሽ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ ብርድ ልብስ የተካፈለ ሰው ነው። በ1976 በሱዳን ወጣ ከተባለ ወዲህ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ሰላም በይልኝ። ወይም አትበይው፤ አንቺ እንደመሰለሽ።

ሌላ ሰው መስለሽ መጻፍሽ አልከፋኝም። እኔም እንዳላወቀ መስዬ መልሻለሁ፤ እንግዲህ እኩል ነን።

ስለ ማቲያስ ላንሳልሽና፣ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው። አዎ፣ በ1977 ታስሮ ነበር፤ ዓመት ከመንፈቅ። እንዴት እንደነበረ በደብዳቤ ልጽፈው ሞክሬ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ብርቅታይት የምትባል ልጅ አለችው፣ እዚሁ አዲስ አበባ አስተማሪ ናት። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች።

ባጁን ላኪልኝ። ለምን እንደምፈልገው ካየሁት በኋላ እነግርሻለሁ፤ ሳላየው ብናገር ምናልባት ያለ ጥፋቱ ሰው አስወቅሳለሁ።

ወልደማርያም


ላስ ቬጋስ፣ ጁን 2 ቀን 2024

ለአቶ ወልደማርያም፣

በፖስታ ቤት መጋለጤ ለኔ ዓይነቷ ሴት ውርደት ነው፤ ሥራ ቦታዬ ቢሰሙ አንድ ወር ይስቁብኛል። እሺ፣ አባቴ ነው። ሰላምታዎን ግን አላደረስኩም። መጀመሪያ ማን ሰላም እንደሚለው ልወቅ።

አባቴ እንዴት እንዳለ ግን ልንገርዎት። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ያለው ቤቱ ውስጥ መጋረጃውን ዘግቶ ተቀምጧል። ለፋሲካ ሰው ድፎ ዳቦ ይዞ መጣለት፤ በሩን አልከፈተም፣ ዳቦውን ደጃፉ ላይ ጥለውት ሄዱ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ይህንን ማኅበረሰብ ሲያገለግል፣ የሞተውን ሲቀብር፣ አዲስ የመጣውን ሥራ ሲያስቀጥር የኖረ ሰው ነው። አሁን የሚያነሳው ስልክ የኔን ብቻ ነው።

ስለዚህ ተሸነፍኩ፤ ባጁን ልኬዋለሁ። ረድኤት የምትባል የቤተ ክርስቲያን እህታችን እናቷን ልትጠይቅ እየመጣች ነው፣ እስከ መስከረም ድረስ እዚያ ናት። ከእርስዎ እጅ ስታስገባው ፎቶ ታነሳለች፤ ነግሬያታለሁ። እባክዎ እርስዎም የዕለቱን ጋዜጣ ከጎኑ አድርገው አንድ ፎቶ ያስነሱልኝ። ይህ ሁሉ ምንድነው እንዳይሉኝ፤ እንዲህ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አስካል


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካል፣

ረድኤት መጥታ ነበር፤ ጨዋ ልጅ ናት። ፎቶውንም አነሳችኝ፣ እንደ እስረኛ አቁማ።

የላክሽልኝ አሉሚኒየም ነው። ገና ከወረቀቱ ሳላወጣው፣ መዳፌ ላይ ሲያርፍ ላባ መሰለኝ። ወርቁም ወርቅ አይደለም፤ ቀለም ተነክሮ የታሸገ ነው። ያ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ሁለቱን ነጥቦች ደግሞ በመሰርሰሪያ ሠርተሻቸዋል፤ የሽቦ ቦታ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ያንቺ ግን ይቧጥጣል። እንዲያው ንገሪኝ፣ ፈተናውን አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?

ሳቅኩ ብልሽ ደስ ይልሻል። መጀመሪያ ግን ተናድጄ ነበር። አርባ አራት ዓመት ሙያዬን ያመነኝ ሰው እንጂ በሐሰተኛ ዕቃ የሞከረኝ የለም። በኋላ ሳስበው፣ የምሞከርበት ምክንያት አላት አልኩ።

እውነተኛው ካንቺ ዘንድ ይቆይ። አንድ ነገር ብቻ በአጉሊ መነጽር እይልኝ። ጠርዙ ላይ ወርቁ የተበላበት ቦታ መኖሩ አይቀርም፤ አርባ ዓመት ልብስ ሲፈትገው የኖረ ነው። እዚያ ጋ በወርቁና ከሥር ባለው ቀይ ናስ መካከል እንደ ክር የቀጠነ ነጭ መስመር ይታይሻል ወይ? አይታይም ብለሽ ብትጽፊልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ወልደማርያም


ላስ ቬጋስ፣ ጁላይ 14 ቀን 2024

ለአቶ ወልደማርያም፣

ፈተናውን አልፈዋል። ስለ አሉሚኒየሙ ይቅርታ አልጠይቅም፣ ምክንያቱም ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄ ሳነብ ያቺን ትንሽ ይቅርታዬን መልሼ ኪሴ ከተትኳት።

ነጭ መስመሩ አለ። ያየሁት በጃንዋሪ ነው፤ አቶ ሊውል የተናገሩ ዕለት፣ ከአዳራሹ መጥቼ ኮቴን ሳላወልቅ። ኒኬል ነው። ፋብሪካዎች ለወርቅ ደረጃ መጀመሪያ ኒኬል ያለብሳሉ፣ ወርቁን ከላይ። ስብስቤ ውስጥ ያሉት የወርቅ ባጆች ሁሉ እንዲያ ናቸው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአባቴም። ለዚህ ነው እርስዎን «ምንም ሳይዘሉ ንገሩኝ» ያልኩት። በልቤ «ኒኬል አለብሼ ከዚያ ወርቅ ቀባሁት» ይሉኛል ብዬ እየጸለይኩ ነበር። እርስዎ ሶዳ አሉ፣ ሽቦ አሉ፣ ሰጋቱራ አሉ። ኒኬል የምትል ቃል የለችም።

ስለዚህ ይህ ባጅ አባቴ ያስቀባው ነሐስ አይደለም። የፋብሪካው እውነተኛ ወርቅ ነው። ሌላ ሰብሳቢ ቢሆን በደስታ ይጨፍር ነበር፤ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ወርቅ ከሆነ የማቲያስ ነው። የማቲያስ ከሆነ አባቴ ሌባ ነው፤ ጓደኛውን ያሳሰረ፣ ልጁን ዓይኗን እያየ የዋሸ።

አሁን ደግሞ እርስዎ፣ ባጁን ሳያዩ፣ ስለ ነጭ መስመሩ ጠየቁኝ። ሰው ሊኖር ይችላል ብሎ ያልጠረጠረውን ነገር አይጠይቅም። ምን ያውቃሉ? እርስዎ ነዎት የለወጡት? ከአባቴ ጋር ተስማምታችሁ ነው? ከዚህ በኋላ ስለ መነጽርና ስለ ጉልበት አይጻፉልኝ። የሆነውን ይጻፉልኝ።

አስካል ዓምደሚካኤል


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአስካል፣

ሰላምታውን እንዳልሽው ትቼዋለሁ።

አባትሽ አልሰረቀም። የሆነው እንዲህ ነው።

ከፋብሪካው ልንወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረን አባትሽ መጣና «በነሐስ አገሬ አልገባም፣ ቀባልኝ» አለኝ። አባቱ ወርቅ ይዞ እንደሚመጣ ለአገር ምድሩ አውርተዋል። እኔም ወጣት ነበርኩ፣ እጄን የሚያሞግስ ሰው እወድ ነበር። የወርቁ መልክ እንዲስተካከልልኝ የማቲያስን ባጅ ለማመሳከሪያ ተዋስኩ። የአባትሽን ልቀባ ነው ስለው ማቲያስ እየሳቀ ሰጠኝ። በምሳ ሰዓት፣ ጀርመኖቹ ሲወጡ፣ የአባትሽን ነክሬ አወጣሁ። አዲስ ወርቅ ስለሆነ ከማቲያስ ባጅ ይልቅ ቀላ፣ ጎን ለጎን ሲታዩ ያሳብቃል። እንዲመሳሰሉ ብዬ ሁለቱንም በእኔ አተሳሰር፣ በሁለት ዙር ሽቦ አስሬ አብሬ ነከርኳቸው። አንድ መልክ ሆኑ። ሽቦውን ፈትቼ ሰጋቱራው ውስጥ ቀበርኳቸው፤ የአባትሽን በቀኝ፣ የማቲያስን በግራ።

በዚያ ቅጽበት አለቃችን ተመልሶ መጣ። የፋብሪካ ወርቅ ያለ ፈቃድ መንካት የሕዝብ ንብረት መስረቅ ነው፤ ያስራል። ደንግጬ የሰጋቱራውን ሣጥን በእግሬ ጠረጴዛው ሥር ገፋሁት። ሲሄድልኝ እጄን ሰድጄ ስፈልግ ሁለቱም በአንድ እፍኝ ወጡ። የትኛው የማን እንደሆነ ማወቂያው ጠርዙን መፋቅ ነበር፤ ብፍቀው ሥራዬ ይበላሻል። ገምቼ አደልኳቸው። የገዛ እጄን ሥራ መለየት አቃተኝ ማለት አፈርኩ። ለአባትሽም ለማቲያስም አልነገርኩም።

ማቲያስ እዚህ በተመደበ በዓመቱ ግምገማ መጣ። የሚመቀኘው ሰው ባጁ ሐሰት ነው አለ። ከጀርመን የመጣ ባለሙያ በቢላዋ ጫረውና ኒኬል የለውም፣ የእኛ ወርቅ አይደለም ብሎ ፈረመ። እኔ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ በሦስተኛው ክፍል ነበርኩ። ማቲያስ ባጁን ለማን እንዳዋሰው ቢናገር ይፈታ ነበር፣ እኔ እገባ ነበር። ስሜን አላነሳም። እኔም ራሴን አላነሳሁም። ሲፈታ በስሜ ጠርቶ ሰላም አለኝ፣ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ባጁን ላኪልኝ እያልኩ የለመንኩሽ በዓይኔ አይቼ፣ ምናልባት ግምቴ ልክ ነበር፣ ምናልባት ማቲያስን ያሳሰረው ሌላ ነገር ነው ለማለት ነው። ነጩ መስመር አለ ካልሽ ግን ሌላ ነገር የለም። እኔ ነኝ።

ይህንን ደብዳቤ ለአባትሽም ለሊውልም፣ ለፈለግሽው ሰው አንብቢው።

ወልደማርያም


ላስ ቬጋስ፣ ኦገስት 25 ቀን 2024

ለአቶ ወልደማርያም፣

ደብዳቤዎን ለአባቴ አነበብኩለት። ውጭው አርባ አራት ዲግሪ ነበር፣ እሱ ጋቢ ለብሶ ነው የሰማኝ። ሲያልቅ «እኔ ነሐስ እንደሆነ እያወቅሁ ለልጆቼ ወርቅ ነው ብዬ ስዋሽ ኖርኩ። ለካ ወርቅ ነበር» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነበት። ማቲያስ መታሰሩን እንጂ በምን እንደታሰረ እስከ ገና ድረስ አያውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ነበር።

ስለ እኔ ከጠየቁ፣ አዎ፣ ተናድጄብዎታለሁ። አርባ ዓመት ዝም ብለዋል። ለሰባት ወር አባቴን በጎሪጥ አይቼዋለሁ፤ ያንን ማን ይመልስልኛል? ግን ሊደብቁ የሚችሉትን ነገር በገዛ እጅዎ ጽፈው ላኩልኝ። ይህንንም አይቻለሁ።

ባጁ የብርቅታይት ነው። አባቴ ራሱ ከሣጥኔ አውጥቶ በመሐረቡ ጠቀለለው። በዚህ ጊዜ እውነተኛው ነው፤ በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ፣ ላኪ የሚለው ቦታ ላይ ሙሉ ስሜን በትልቁ አጽፌበታለሁ። እርስዎ ራስዎ ይውሰዱላት። ደጅ ላይ ሰጥተው እንዳይመለሱ፤ ተቀምጠው፣ ለእኔ የጻፉልኝን ሁሉ ይንገሯት። ከዚያ ሁለቱን ባጆች ጎን ለጎን አድርገው ፎቶ ይላኩልኝ። ፎቶውን ሳላይ መሄድዎን አላምንም።

አስካል


አዲስ አበባ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስካል፣

እንኳን አደረሰሽ፤ አባትሽንም።

ሄጃለሁ። ፎቶ ግን አላነሳሁም፣ አልቻልኩም። ካላመንሽኝ እውነት አለሽ።

ብርቅታይት ሻይ አፍልታ እየጠበቀችኝ ነበር። ጮክ ብላ ስለምታወራልኝ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉን ነገርኳት። ስጨርስ ተነስታ ከቁም ሣጥን ውስጥ የብስኩት ቆርቆሮ አመጣች። ውስጡ ያ ባጅ አለ፣ ፊቱ ላይ የቢላዋው ጭረት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። ጭረቱ ውስጥ ቀዩ ናስ ይታያል፣ ነጭ የለም። ያንቺን ከጎኑ አስቀመጥኩት። በሁለቱም ጀርባ ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ።

አላለቀሰችም። «አባቴ ያውቅ ነበር» አለችኝ። ከእስር ሲወጣ ባጁን መልሰውለት ነበር፣ ማስረጃ የሚል ወረቀት ተለጥፎበት። ልጅ ሆና ለምን አትጥለውም ብትለው «የኔ አይደለም፤ የዓምዴ ነው። ሰጋቱራ ውስጥ ተሳስቶ ነው፤ ሲመጣ እሰጠዋለሁ» አላት። ሊሞት ሲልም «ለዓምዴ ጠብቂለት» ብሎ አስረከባት። ልጄ፣ ማቲያስ ሁሉን ያውቅ ነበር። እኔ ምስጢሬን ደብቄ የኖርኩ መስሎኝ ነበር።

የአባቷን ወርቅ ተቀበለች። የቆርቆሮውን ለአባትሽ እንድልክ ሰጠችኝ። ጭረቱን ልሙላው፣ ዛሬም እጄ ይችላል ብላት እጄን ያዘችው። «እንዳይነኩት» አለች። «ለባለቤቱ እንዳለ ይድረሰው። አባቴ ሲጠብቅለት ኖሯል በሉልኝ።»

ረድኤት ሐሙስ ትመለሳለች። በእሷ እጅ ልኬዋለሁ።

ወልደማርያም


ላስ ቬጋስ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 2024

ለጋሽ ወልደማርያም፣

ረድኤት ቆርቆሮውን ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ አባቴ ቤት ይዛው መጣች። አባባ ቆርቆሮውን ከፈተ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭረቱን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። የብርቅታይትን ቃል ነገርኩት።

እሑድ ሳልጠራው ለብሶ ጠበቀኝ። ኮቱ ላይ ባጁን ሰክቶታል፣ ጭረቱ ከፊት እየታየ። አዳራሹ ሲደርስ መኪናውን ፓርክ እስካደርግ እንኳ አልጠበቀኝም። አቶ ሊውል ወዳሉበት ጠረጴዛ ሄዶ፣ ያኔ ሕዝብ እየሰማ እንደተናገሩት፣ እሱም ሕዝብ እየሰማ ተናገረ። «ልክ ነህ፣ የኔ ነሐስ ነበር። ወርቅ ነው ብዬ ዋሽቻችኋለሁ። አልሰረቅሁም። ይህ ጭረት ግን ለኔ የተገባ ነበር፤ ማቲያስ ነው የተቀበለልኝ።» አቶ ሊውል ተነሱና ባጁን ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ ወንበር ሳቡለት። ሁለቱም ምሳቸውን አብረው በሉ፣ እኔም ከማዶ ሆኜ እጃቸውን ሳይ ዋልኩ።

ፎቶ አላነሳሁም ብለውኛል። አያስፈልገኝም፣ ጋሼ። አመንኩዎት። ይህንን ቃል ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ ደብዳቤውን ያስቀምጡት።

የባጆቼ ሣጥን አርባ ሰባት ጎድጓዳ ቦታ አለው። የመጀመሪያው የአባባ ወርቅ የነበረበት ነው፤ አርባ ስድስቱን ሁሉ የሰበሰብኳቸው እሷን እያየሁ ነው። አባባን የተጫረውን እዚያ ላስቀምጠው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «የኔ ነው፣ አንቺ ሌላ ፈልጊ» አለኝ። ትናንት ገበያ ላይ አንዲት የወርቅ ባጅ አየሁ፤ ጠርዟን ቼክ አደረግኩ፣ ነጩ መስመር አለ፣ እውነተኛ ናት። መልሼ አስቀመጥኳት። የመጀመሪያው ቦታ ባዶውን ይቆያል።

አባባ በራሱ እጅ የጻፈልዎትን አብሬ አሽጌያለሁ። አላነበብኩትም።

ልጅዎ፣ አስካል